ሰማይ አይታረስ፤ ሠራዊትስ ይከሰሳል?

«ሰማይ አይታረስ፤ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን ተረት ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ይኖራል ብዬ አልገምትም። ተረቱ ያረጀ ነው፤ ነገር ግን ዛሬም በሰው ልብ ውስጥ ሥራውን ይሠራል። ንጉሡ ከዙፋኑ ከወረደ ግማሽ ምእት ዓመት ቢያልፍም፣ መኪናው የመንግሥት፣ ሹፌሩም ወታደር የሆነ እንደሆነ፣ ጉዳት የደረሰበት ሰው አንገቱን ደፍቶ «ከመንግሥት ጋራ ምን ክርክር አለ» ብሎ ወደ ቤቱ ሲመለስ እናያለን። ውድ አንባቢ ሆይ፤ የዛሬው ጽሑፋችን ይህ ሰው አንገቱን መድፋት የማይገባው ስለ ምን እንደሆነ ለማስረዳት የተጻፈ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንያዘው። ለምሳሌው ቦታ ፓዌን መርጫለሁ። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅ የተነሣ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከከምባታና ከሐዲያ፣ ከሌላም አገር ብዙ ሰው ወደ በለስ ሸለቆ ሄዶ እንደ ሰፈረ እርስዎም ያስታውሱታል። ስለዚህ የፓዌ መንደሮች መጠሪያቸው እስከ ዛሬ ቍጥር ነው፤ ሰውም «የመንደር ሰባት ልጅ ነኝ» ብሎ ይናገራል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በመተከል ግጭት በበረታ ጊዜ የፌዴራሉ ሠራዊት ለጸጥታ ወደዚያ አገር ገብቶ ነበር። ሠራዊት ባለበት ካሚዮን አለ፤ ካሚዮን ባለበትም አደጋ ሊደርስ ይችላል።

እንግዲህ እናስብ። አንዲት የፓዌ ሴት አለች እንበል። ባሏ በገበያ ቀን አህያውን ጭኖ በመንገድ ዳር ሲሄድ ከኋላው የመጣ የሠራዊት ካሚዮን ገጭቶ ይገድለዋል። ሦስት ልጆች አሉ። ከሬሳው ጋራ የቀረላት ነገር የሞተች አህያና የተበተነ ማሽላ ነው። ከሰልስቱ በኋላ ጎረቤት ይሰበሰብና ይመክራል። አንዱ «ሹፌሩ ይታሰራል፤ ከዚያ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ» ይላል። ሌላው «ሠራዊቱ ነገ ወደ ሌላ አገር ይዛወራል፤ ማንን ትከሻለሽ» ይላል። ሦስተኛው ያንኑ ተረት ይጠቅሳል። ሴቲቱም ታለቅሳለች፤ ዝምም ትላለች። ይህች ሴት በእውነት ሕግ የላትምን?

ሕግ አላት። ይኸውም ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ዠምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ነው። በዚህ ሕግ ውስጥ ለእርሷ ሦስት በሮች ተከፍተዋል። የትኛው በር ወደ የት እንደሚያደርስ ማወቅ ነው የሚያስፈልገው።

የመጀመሪያው በር ሹፌሩ ራሱ ነው። በቍጥር 2028 እንደ ተደነገገው በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ጉዳቱን መካስ አለበት። ቍጥር 2126ም የመንግሥት ሠራተኛ ከዚህ ግዴታ ነፃ አለመሆኑን በግልጥ ይናገራል። ወታደርም ልብሱ ስለ ተለየ ከዚህ አያመልጥም። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፤ የአንድ ወታደር ደመወዝ ሦስት ልጆችን ለማሳደግ የሚበቃ ካሣ እንደማይወጣው እርስዎም እኔም እናውቃለን። ፍርድ ያገኘ ሰው ሁሉ ገንዘብ አገኘ ማለት አይደለም። ስለዚህ በዚህ በር ብቻ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚይዘው የፍርድ ወረቀት ነው።

ሁለተኛው በር መንግሥት ነው። ይኸው ቍጥር 2126 ጥፋቱ «የሥራ ጥፋት» የሆነ እንደሆነ ተጐጂው ካሣውን ከመንግሥት መጠየቅ እንደሚችል፣ መንግሥትም ከከፈለ በኋላ ፊቱን ወደ አጥፊው ሠራተኛ መልሶ የከፈለውን ሊጠይቀው እንደሚችል ይደነግጋል። ጥፋቱ «የግል ጥፋት» ከሆነ ግን መንግሥት አይጠየቅም። የሥራ ጥፋት ማለትስ ምን ማለት ነው ቢሉ፣ ቍጥር 2127 ይመልሳል፤ ሠራተኛው በሥልጣኑ ክልል ውስጥ ሆኖ ለመንግሥት ጥቅም እንደሚሠራ በቅን ልቡና አምኖ ያደረገው ጥፋት የሥራ ጥፋት ነው። ቅን ልቡና እንደ ነበረውም ይገመታል፤ አልነበረውም የሚል ሰው ማስረዳት የራሱ ነው።

ይህ መለያ ከየት መጣ? የሕጉን ረቂቅ ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሊቅ ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ መሆናቸው ይታወቃል። በፈረንሳይ አገር የሥራ ጥፋትና የግል ጥፋት መለየት የጸናው እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1873 በተሰጠ ፍርድ ነው። ያም ነገር የሚያስገርመው የወታደር ነገር መሆኑ ነው። ፔልቲዬ የተባለ ሰው ጋዜጣውን በጦር አዛዡ ትእዛዝ ቢወሰድበት ጄኔራሉን ከሰሰ፤ ዳኞቹም የመንግሥት የሆነውን ሥራ ከሰውየው ከራሱ ጥፋት ለይተው አዩት። ከዚያ ወዲህ መለያው በፈረንሳይ ሕግ ውስጥ ሥር ሰደደ፤ ከብዙ ዘመን በኋላም ወደ እኛ መጽሐፍ ተሻገረ።

አሁን ወደ ፓዌዋ ሴት እንመለስ። ሹፌሩ በታዘዘበት መንገድ ስንቅ ጭኖ ሲሄድ በቸልተኝነት ቢገጭ ነገሩ ቀላል ነው፤ የሥራ ጥፋት ነው። ነገር ግን የመንግሥት ነገረ ፈጅ ችሎት ቆሞ «ይህ ሹፌር በዚያ መንገድ እንዲሄድ አልታዘዘም፤ ወዳጅ ሊጠይቅ መንገዱን ስቶ ሄደ፤ ስለዚህ ጥፋቱ የግሉ ነው» ቢልስ? በፈረንሳይ አገር በ1949 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ልክ ይህን የመሰለ ነገር ቀርቦ ነበር። አንድ ወታደር ካሚዮኑን ይዞ ቤተ ሰቡን ለማየት ከታዘዘበት መንገድ ወጣና የወይዘሪት ሚመርን ቤት ግድግዳ ገጨ። የመንግሥቱ ምክር ቤት ዳኞች ሹፌሩ መንገድ ቢስትም መኪናው ለሥራ የተሰጠው በመሆኑ ጥፋቱ ከሥራው ፈጽሞ የተለየ አይደለም ብለው መንግሥትን ኀላፊ አደረጉት። ይህ የእነርሱ ፍርድ ነው። በእኛ ሕግ ግን የቅን ልቡናው ቃል ተጽፎ ስላለ፣ በዚህ ሁለተኛ በር የገባች ሴት በክርክሩ ልትረታ ትችላለች። እንግዲህ ምን ይሻላታል?

ሦስተኛው በር አለ፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ይህን ነው። ቍጥር 2081 የሚናገረው ስለ ጥፋት አይደለም፤ ስለ ባለቤትነት ነው። የመኪና ባለቤት፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ ነው ይላል። መኪናውን የነዳው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ ባለቤቱ ይጠየቃል። ከዚህ የሚያድነው መኪናው በዚያ ጊዜ ተሰርቆ እንደ ነበረ ሲያስረዳ ነው፤ ወይም ጉዳቱ የደረሰው በሙሉ ወይም በከፊል በተጐጂው በራሱ ጥፋት መሆኑን ሲያረጋግጥ ነው። ሕጉም «ባለቤቱ መንግሥት የሆነ እንደሆነ አይጠየቅም» ብሎ ለይቶ ያወጣው ነገር የለም።

አንባቢ ሆይ፤ የዚህን ትርጕም ያስተውሉ። በሁለተኛው በር የገባች ሴት ስለ ሹፌሩ ልብ መከራከር አለባት፤ ታዝዞ ነበር ወይስ አልታዘዘም፣ ቅን ነበር ወይስ አልነበረም እያለች። በሦስተኛው በር የገባች ሴት ግን የምታስረዳው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ መኪናው የማን እንደሆነ፣ ባሏን የገጨው ያ መኪና መሆኑን፣ ጉዳቷም ምን ያህል እንደሆነ። ሹፌሩ ወዳጁን ሊጠይቅ ሄደ ቢባል እንኳ ይህ ለባለቤቱ መልስ አይሆንለትም። ስለዚህ ክስ የሚጽፍ ሰው ቍጥር 2126ን ብቻ ይዞ እንዳይሄድ፣ ቍጥር 2081ን አስቀድሞ እንዲጠቅስ እመክራለሁ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። በገጠር መንገድ ላይ ወታደሮች ደክሞት የሚሄድ ሰው ሲያዩ ዋጋ ሳይቀበሉ ያሳፍሩታል። መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን በዚህ ዐይነት በቸርነት የተሳፈረ ሰው መኪናው ተገልብጦ ቢጐዳ፣ ባለቤቱ ጥቅም ስላላገኘበት፣ ያለ ጥፋት ኀላፊ የሚያደርገው ሕግ አይረዳውም፤ ጥፋት ማስረዳት ይኖርበታል። በመንገድ ዳር በእግሩ ይሄድ ከነበረው ሰው ልዩነቱ ይህ ነው።

የጦር መሣሪያና ፈንጂስ? ለዚህ ደግሞ ቍጥር 2069 አለ። የሚፈነዳ ነገር በማከማቸት ወይም በመጠቀም ሰውን ከልክ ላለፈ አደጋ ያጋለጠ ሁሉ አደጋው በደረሰ ጊዜ ኀላፊ ይሆናል፤ ያደረገው መንግሥት ቢሆንም ሕጉ አይለውጠውም። ይህ ነገር ለእኛ የመጽሐፍ ወሬ ብቻ አይደለም። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጥይት ማከማቻ ፈንድቶ ብዙ ሰው አልቋል፤ ብዙ ቤትም ፈርሷል። የኬንያው ካሜራ አንሺ መሐመድ አሚን ክንዱን ያጣው፣ የሥራ ባልደረባውም የሞተው በዚያ ቀን ነው። ይኸው መሐመድ አሚን በ1977 ዓ.ም. በኮረም የነበረውን ረኀብ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለዓለም ያሳየ፣ ብዙዎችን የፓዌ ሰፋሪዎች ከቀያቸው ያፈለሰውን መከራ ያስታወቀ ሰው ነው። ፈረንሳዮችም በ1916 በፓሪስ አጠገብ በአንድ ምሽግ የተከማቸ ቦንብ ፈንድቶ ጎረቤት ባለቀ ጊዜ፣ በ1919 «ጥፋት ባይኖርም መንግሥት ይክፈል» ብለው ፈርደዋል፤ ሁለቱም ዓመት በፈረንጅ አቈጣጠር ነው።

አሁን ካሣው ምን ያህል ነው ወደሚለው እንምጣ። መሠረቱ ቍጥር 2091 ሲሆን፣ ካሣው ከጉዳቱ ጋራ ትክክል መሆን አለበት ይላል። ሰው የሞተ እንደሆነ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ ወላጆቹም በየራሳቸው ስም መጠየቅ ይችላሉ፤ ካሣውም ሟቹ ቢኖር ይሰጣቸው የነበረውን ቀለብ የሚተካ ነው። ስለዚህ የፓዌዋ ሴት ባሏ ስንት ጥማድ ያርስ እንደ ነበር፣ ስንት ኵንታል ያገባ እንደ ነበር፣ ልጆቹም ስንት ዓመታቸው እንደሆነ በምስክርና በወረቀት ማስረዳት አለባት። ልኩ በትክክል ሊታወቅ ያልቻለ እንደሆነም ዳኛው በርትዕ እንዲወስን ሕጉ ሥልጣን ሰጥቶታል። የሞተችውንም አህያ መርሳት አይገባትም።

ስለ ኀዘኗስ? እዚህ ላይ እውነቱን መደበቅ አይገባኝም። የኅሊና ጉዳት ካሣ በቍጥር 2116 የተወሰነ ነው፤ ከ1,000 ብር በላይ አይሆንም። ሕጉ በወጣ ጊዜ 1,000 ብር 400 የአሜሪካን ዶላር ያህል ነበረ፤ ጥንድ በሬ ለመግዛት አያንስም ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ግን ይኸው ገንዘብ 10 ዶላር እንኳ አይሞላም። ከስድሳ ዓመት በላይ አልፎ በመጽሐፉ ላይ ያለው ቍጥር ግን ያው ነው። ይህ የሠራዊቱ ጥፋት አይደለም፤ ሊታደስ የሚገባው ሕግ ነው። እስኪታደስ ድረስ ግን ከሳሽ ተስፋዋን በኅሊና ካሣ ላይ ሳይሆን በቀለቡ ሒሳብ ላይ ታድርግ።

አሁን ደግሞ ሰዎች መብታቸውን የሚያጡባቸውን ነገሮች ልቍጠር።

አንደኛው ጊዜ ነው። በቍጥር 2143 መሠረት ካሣ የሚጠይቅ ሰው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ዠምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት፤ ነገሩ በወንጀል ሕግ የረዘመ ይርጋ ያለው ሆኖ ሲገኝ ብቻ በዚያ በረዘመው ይታያል። ሁለት ዓመት ረጅም ይመስላል። ነገር ግን ለባለ ኀዘን ሁለት ዓመት አጭር ነው። ዐርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ፣ አንድ ክረምት፣ ሁለተኛ ክረምት፤ ከዚያ ይርጋው ደረሰ ማለት ነው። «የወንጀሉ ፍርድ ይለቅና እከሳለሁ» ብሎ መቀመጥም አያስፈልግም። ሹፌሩ በወታደር ፍርድ ቤትም ሆነ በሌላ ፍርድ ቤት ነፃ ቢባል እንኳ፣ በቍጥር 2149 መሠረት የፍትሐ ብሔሩ ዳኛ በዚያ ፍርድ አይታሰርም።

ሁለተኛው የሽማግሌ ወረቀት ነው። አደጋ በደረሰ ጊዜ ሽማግሌ መላኩ፣ ለቀብርና ለተዝካር የሚሆን ገንዘብ ይዞ መምጣቱ የአገራችን መልካም ልማድ ነው፤ እኔም አልነቅፈውም። ነገር ግን ከገንዘቡ ጋራ የሚመጣ ወረቀት አለ። በወረቀቱ ላይ «ከእንግዲህ ወዲህ ምንም ዐይነት ካሣ አልጠይቅም» የሚል ቃል ካለ ያ ወረቀት ዕርቅ ነው፤ ዕርቅም በቍጥር 3312 እንደ ተጻፈው በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቈጠራል። ባለ ኀዘን በሰልስቱ ዕለት ፊርማ አትስጥ። ይቅርታ ማድረግ አንድ ነገር ነው፤ የልጆችን ቀለብ መተው ግን ሌላ ነገር ነው።

ሦስተኛው ማስረጃ ነው። የጎረቤቱ ቃል እውነት አለበት፤ ሠራዊት ይዛወራል። ስለዚህ የመኪናው ሰሌዳ ቍጥር፣ የደረሰበት ቀንና ሰዓት፣ ያዩ ሰዎች ስምና መንደር በዚያው ዕለት ይጻፍ። የትራፊክ ፖሊስ ፕላን እንዲነሣ ይጠየቅ። የሐኪም ወረቀትም ይያዝ። ዳኛ ዕንባ አይቶ ያዝን ይሆናል፤ የሚፈርደው ግን በማስረጃ ነው።

አራተኛው የፍርድ ቤቱ ርቀት ነው። የሚከሰሰው መከላከያ ሚኒስቴር ስለሆነ ነገሩ የፌዴራል ፍርድ ቤት ነገር ነው። «ታዲያ አዲስ አበባ ድረስ በምን ገንዘብ» ብሎ ተስፋ መቍረጥ ግን አይገባም። በአዋጅ ቍጥር 322/1995 የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲቋቋምባቸው ከተወሰኑት ክልሎች አንዱ ቤንሻንጉል ጉሙዝ ነው። አሶሳም ከፓዌ ቅርብ አይደለም፤ ቢሆንም አዲስ አበባ ከመምጣት የቀለለ ነገር ነው። የዳኝነት መክፈያ የሌለው ሰውም ድኽነቱን አስረድቶ ሳይከፍል እንዲከስ የሥነ ሥርዐቱ ሕግ ከቍጥር 467 ዠምሮ ፈቅዶለታል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ነገር ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት አለው ይላል።

ምናልባት ከአንባብያን መካከል ወታደር የሆነ፣ ወይም ልጁ ወታደር የሆነ ሰው ይኖር ይሆናል። «ታዲያ እኛ አገር ስንጠብቅ እንከሰስ?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሕጉም አልዘነጋውም። በቍጥር 2036 ውስጥ በወታደር ሥርዐት ጥብቅነት ምክንያት የተሰጠውን ትእዛዝ ለመመርመርም ሆነ ሌላ ለማድረግ የማይችል ሰው እንደ አጥፊ አይቈጠርም። ደግሞም ባለቤቱ ሲከፍል ዕዳው በአንድ ወጣት ሹፌር ጫንቃ ላይ ብቻ አይወድቅም። ስለዚህ ይህ ሕግ ለተጐጂው ብቻ ሳይሆን ለወታደሩም ጥላ ነው።

በዚህም ነገር አገራችን ከዓለም ወደ ኋላ የቀረች አይደለችም። የእንግሊዝ ንጉሥ በእንዲህ ያለ ጉዳት ሊከሰስ አይችልም የሚለው የቈየ ሥርዐት የተሻረው በ1947 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ነው፤ አሜሪካኖችም መንግሥታቸው እንዲከሰስ የፈቀዱት በ1946 ነው። የእኛ ሕግ ከእንግሊዙ በ13 ዓመት ብቻ ቢዘገይ ነው። እርግጥ ያው የእኛ ሕግ በቍጥር 2137 ንጉሠ ነገሥቱን ራሳቸውን ከክስ ነፃ አድርጎ ነበር፤ ተረቱ በመጽሐፉ ውስጥ አንዲት ቦታ አግኝቶ ነበር ማለት ነው። ለካሚዮኑ ግን ያን ቦታ አልሰጠውም።

ጥፋትን ማመን ክብርን የሚቀንስ የሚመስላቸው አሉ። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በሶማሊያ በርደሌ በተባለ ቦታ መድኀኒት ያደረሰ አውሮፕላን በኢትዮጵያ ወታደሮች ተመትቶ ስድስት ሰው ሞተ። የአገራችን ሠራዊትም አውሮፕላኑን የመቱት ወታደሮቹ መሆናቸውን፣ የአጥፍቶ መጥፋት አደጋ የመጣ መስሏቸው መሆኑን ለአፍሪካ ኅብረት አስታወቀ። በአገሮች መካከል የሚደርስ ነገር የሚታይበት ሕግ ሌላ ነው። ነገር ግን በባዕድ አገር «እኛ ነን» ብሎ መናገር የተቻለ እንደሆነ፣ በፓዌ ለምትኖር አንዲት ባልቴት ይህን መናገር ይከብዳልን? የሞተውን ማንም አያስነሣውም። ልጆቹ ግን ነገም ይበላሉ፤ ነገም ይማራሉ።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፤ ይህን ጽሑፍ ካነበቡ በኋላ ለአንድ ለማያነብ ጎረቤት ሦስት ነገር ብቻ ይንገሩልኝ። የመኪናው ባለቤት መንግሥትም ቢሆን ይጠየቃል። የሚጠየቀው በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። እስከዚያም ድረስ ያልተነበበ ወረቀት አይፈረምም።

አባቶቻችን «በሕግ አምላክ» ያሉት እንደሆነ መንገደኛው ሁሉ፣ ጌታም ቢሆን ሎሌም ቢሆን፣ ባለበት ይቆም ነበር ይባላል። ካሚዮንም ይቆማል፤ «በሕግ አምላክ» የሚለው ሰው እስካለ ድረስ።